ከግድግዳው ማዶ የደፋሁት የቀርከሃ ውሃ

እኔ ሶ ጌክ ቹ፣ የሟቹ የአንግ ቴክ ሊያንግ ሚስት፣ በሙያዬ መጋረጃ ሰፊ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት፣ በፔናንግ ደሴት በሻማ ሠሪዎች መንገድ በቁጥር 23 የምኖር፣ ዛሬ ቅዳሜ ጁላይ 14 ቀን 2018፣ በጨረቃ አቆጣጠራችን በስድስተኛው ወር በሁለተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በገዛ ሱቄ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይህን ቃሌን ሰጠሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላባበለኝም። የደከመው ልቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ሐኪሞች ማክሰኞ ደረቴን ከፍተው ከልቤ በሮች አንዱን ሊለውጡልኝ ቀጠሮ ይዘዋል። ትድኛለሽ ብለውኛል፣ እኔም አምኛቸዋለሁ፤ ነገር ግን የጀመርኩትን ስፌት ጠረጴዛ ላይ ትቼ ሱቅ ዘግቼ የማላውቅ ሰው ስለሆንኩ ይህንንም ቋጭቼው መሄድ እፈልጋለሁ።

የሚጽፉልኝ ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት ፓክ ሩስላን የሚላቸው፣ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእኔ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የሕጉን አነጋገር እሳቸው ያሳምሩልኛል። ሆኖም አንድ ነገር ለምኛቸዋለሁ፦ እኔ ያልኩትን፣ በመሃል ሌላው ሰው የሚለውንም ሳይቀር፣ ምንም ሳይቆርጡ እንዲጽፉ።

«እንዲህ ያለ ኑዛዜ ጽፌ አላውቅም» አሉኝ።

«እንግዲያው ዛሬ ይለማመዳሉ» አልኳቸው።

አእምሮዬ ጤነኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ሦስት ጥያቄ ጠይቀውኛል። ቀኑን መለስኩ። የልጆቼን ቁጥር መለስኩ፤ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም እዚሁ አሉ፦ ልጄ ሁዊ ፔንግ አጠገቤ ቆማለች፣ ወንዱ ልጄ ቺን ሆ በሩ ላይ ተደግፎ ሰዓቱን ያያል፣ የኑድል ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ ስለመጣ ቸኩሏል። ሦስተኛው ጥያቄ በጠረጴዛዬ ላይ ያለው የዕድል ቀርከሃ ስንት ግንድ እንደሆነ ነበር። «አምስት» አልኩ። ቆጠሩ። አምስት ነው።

ለምስክርነት የጠራኋቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ከመንገዱ ማዶ የባህል መድኃኒት ሱቅ ያላቸው አጎት ኩ ቦን ቴክ ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ድምፃቸው ግን ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ከሱቃቸው ደጃፍ የሚናገሩት መንገዱ ጫፍ ድረስ ይሰማል። ሁለተኛዋ ሌቹሚ ናት፤ የእኔን ጓሮ ከሷ ጓሮ የሚለየው እስከ ደረት የሚደርስ ግድግዳ ብቻ ነው፣ ታላቄ ስለሆነች በሷው ቋንቋ አካ እላታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤት ሆነናል።

ገና ሳንጀምር ፓክ ሩስላን መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ ማስጠንቀቂያ ተናገሩ፦

«ሁላችሁም ስሙኝ። ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው ከዚህ ኑዛዜ ምንም አይወርስም። የሚወርስ ሰው ደግሞ አይፈርምም። ሕጉ ይህ ነው።»

«ከጌክ ቹ ቤት ምን ይወረስና!» አሉ አጎት ቦን ቴክ። «መርፌ? አምጪው እፈርማለሁ።»

«እኔም እፈርማለሁ» አለች አካ ሌቹሚ። «ቶሎ በሉ ብቻ፣ ምስር ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ሕጉን እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር። ቢሆንም «ይጻፉ፣ ስንደርስበት እንነጋገርበታለን» አልኩ።

አንደኛ። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ስለ ቤት የምትጣሉበት ነገር አልተውኩላችሁም፣ ደስ ይበላችሁ። በባንክ ያለችውን እኩል ተካፈሏት። በእግር የሚሠራው ጥቁሩ የስፌት መኪና ለቺን ሆ ይሁን። መስፋት እንደማይችል አውቃለሁ። ነገር ግን እስከ ስምንት ዓመቱ ከሥሩ ካልተኛ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነበር፤ የእግሬ መርገጫ ሲንቀሳቀስ ነው ዓይኑ የሚከደነው። ሱቁ ውስጥ ዕቃ ያስቀምጥበት። ትልቁ መቀስ ለሁዊ ፔንግ ነው። ሰባት ዓመት ሲሆናት በአዲስ ዓመት ዋዜማ በዚህ መቀስ ጸጉሯን በራሷ እጅ ቆረጠች፤ እኔም ከእንግዶች ፊት በጥፊ መታኋት። ጸጉሩ በሁለት ወር ተመልሶ በቅሏል። ጥፊው ግን ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት እጄ ላይ አለ። አረንጓዴው የጄድ ድንጋይ አምባርም ለሷው ነው። አማቴ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን እንድነካው አልፈቀደችልኝም፤ ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ግን በሳሙና አንሸራታ እጄ ላይ አጠለቀችልኝ። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። አሁን ሳስበው ሁለታችንም ሞኞች ነበርን።

ሁለተኛ። ስለ ቀብሬ። የወረቀት ቤት፣ የወረቀት መኪና፣ የወረቀት አሽከር እየገዛችሁ በወዲያኛው ዓለም ይደርሳታል ብላችሁ አታቃጥሉልኝ። መኪና መንዳት አልችልም፤ አሽከርም አላዝዝም፣ ራሴ ካልሠራሁት አይጥመኝም። የግድ አንድ ነገር እናቃጥል ካላችሁ የወረቀት ስፌት መኪና አሠርታችሁ አቃጥሉ፤ አባታችሁ እዚያ መጋረጃ የሌለው መስኮት ፊት እንደተቀመጠ አልጠራጠርም።

«እማ!» አለች ሁዊ ፔንግ።

«ምን እማ ትያለሽ? ይጻፉት ፓክ።»

ሦስተኛ። የዕድል ቀርከሃው። ይህ ሰፊ ነው፤ ፓክ ሩስላን ሌላ ወረቀት ይውሰዱ።

ይህን ተክል ሱቁን በከፈትኩ ዕለት፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ አማቴ በሰማያዊ የሸክላ ጎድጓዳ አድርጋ አመጣችልኝ። ያን ጊዜ ሦስት ግንድ ነበር፤ ሁለቱን እኔ ቆርጬ አራብቼ ነው። ልጄ አንብባ እንደነገረችኝ ስሙ ነው እንጂ ቀርከሃስ አይደለም፤ ዘሩም ከአፍሪካ ጫካ የመጣ ነው ይላሉ። ይሁን። እኛም አያቶቻችን በመርከብ ነው የመጡት፣ ዛሬ ፔናንጎች አይደላችሁም የሚለን የለም። ማንም ቢወርሰው እንዲህ አድርጎ ይያዘው፦

ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ በዚያው ሰዓት አይሰጠው። በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ ክዳን ሳይደረግበት ይደር፤ የመድኃኒቱ ሽታ ይውጣለት። አለዚያ የቅጠሉ ጫፍ ይነድዳል። ውሃው ሥሩን ይሸፍን፣ ሦስት ጣት ያህል ይበቃል፤ እስከ አንገቱ አታስጥሙት። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ ጨለማም ውስጥ አይቀመጥ፤ በስስ መጋረጃ ተጣርቶ የሚገባ ብርሃን ነው የሚወደው፣ እሱን ደግሞ በዚህ ቤት ከእኔ የተሻለ የሚያዘጋጅለት የለም። የቬንቲሌተር ነፋስ ፊት አታቁሙት። ወደ ብርሃኑ ማጋደል ሲጀምር ጎድጓዳውን ትንሽ ዞር አድርጉለት፤ ገበያ ላይ ያለው ተጠማዝዞ የሚሸጠውም ሌላ ምስጢር የለውም፣ እያዞሩ ነው ያሳደጉት። ግንዱ ሲወፍር የታሠረበትን ቀይ ክር አላሉለት፣ ያንቀዋል። ቅጠል ቢጫ ከሆነ ቅጠሉን ቁረጡ። ግንድ ቢጫ ሆኖ ከለሰለሰ ግን አትዘኑለት፣ ያኔውኑ አውጡት፤ ተመልሶ አይለመልምም፣ ሌሎቹንም ያበሰብሳቸዋል። ማዳበሪያ በሁለት ወር አንድ ጠብታ፣ ያውም በቀጭኑ። ቺን ሆ ሥራ የጀመረ ሰሞን ዕድሌ ቶሎ ይደግ ብሎ የኦርኪድ ማዳበሪያ በክዳን ሙሉ ገልብጦበት...

«እማ፣ አሥር ዓመት ሆነው እኮ!» አለ ቺን ሆ ከበሩ።

...አሥር ዓመት ሆነው፣ አንዱን ግንድ ገደለብኝ፣ አራት ቀሩ። አራት እኛ ዘንድ የሞት ቁጥር ነው፤ በቤት አይቀመጥም። አምስተኛውን ሥር አስይዤ እስክጨምር ድረስ ለሃያ ቀን አንድ ኑድል የምንበላበት የቀርከሃ እንጨት ከመሃላቸው ተክዬ ነበር፣ ቁጥሩ እንዲሞላ።

«እኔ አይቼ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር» አለች አካ ሌቹሚ እየሳቀች። «ይቺ ሴት ለተክሉ ኑድል ልታበላው ነው እንዴ ብዬ!»

ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃው በየሦስት ቀኑ ይለወጥ። ጠጠሮቹ ይታጠቡ፤ የጎድጓዳው ውስጠኛ ግድግዳ በእጅ ይፈተግ፣ የትንኝ እንቁላል እዚያ ተለጥፎ ውሃ እስኪመጣለት ይጠብቃልና። ይህ በሥራ ቀን ብቻ አይደለም። በበዓልም ነው። በአዲስ ዓመት በአሥራ አምስቱ ቀናትም ነው። ፓክ ሩስላን፣ ከሥሩ ያስምሩበት።

ፓክ ሩስላን አሰመሩና «አራተኛ» ብለው ጻፉ።

«አራተኛ የሚባል በኑዛዜዬ ውስጥ አይገባም» አልኩ። «ማክሰኞ ደረቴን የምከፈት ሰው ነኝ።»

«እመቤቴ፣ ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ ከዘለልኩ ዳኛው አንድ ገጽ ጠፍቷል ይላል።»

«አራት ቁጥር እንደሌለው እንደ ፎቁ ሊፍት ያድርጉዋ» አሉ አጎት ቦን ቴክ። «ሦስት፣ ሦስት-ሀ፣ አምስት።»

ፓክ ሩስላን ሰረዙና ጻፉ፦

ሦስተኛ-ሀ። ዕዳን ስለሚመለከት። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። ያለብኝ ዕዳ የአካ ሌቹሚ ነው፤ ስምንት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል። አካ፣ ምስሩ ይረር፣ ተቀመጪ። እዚሁ እንድትሰሚው ብዬ ነው የጠራሁሽ።

የአማቴ ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ አዲስ ዓመት ከገባ ወዲያ ውሃ ከቤት ወደ ቦይ አይደፋም፣ የቤቱ ዕድል አብሮ ይወርዳልና። ሌላው ሰው ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቅና ይተወዋል። አማቴ ግን አሥራ አምስቱንም ቀን ነበር የምትጠብቀው፤ በተለይ ደግሞ ይህ ተክል የቆመበትን ውሃ። እሷ ከሞተች በኋላም እኔ ሥርዓቷን አልተውኩም። በሕይወቷ ስትነቅፈኝ ስለኖረች፣ ከሞተች በኋላ እንኳ አንድ ነገር እንዳታገኝብኝ ብዬ ይሆናል።

የነብር ዓመት በገባ ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ 2010፣ የአካ ባል ሙኒያንዲ በበዓሉ በዘጠነኛው ቀን በደንጌ ትኩሳት ታሞ ሆስፒታል ገባ። በሽተኛ የተገኘበትን ሰፈር የጤና ተቆጣጣሪዎች ቤት ለቤት ይፈትሻሉ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ባትሪና ጭልፋ ይዘው መጡ። ሦስት በር ሲቀራቸው ያልተለወጠው የቀርከሃ ውሃ ትዝ አለኝ፤ ጎድጓዳውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁ። ውሃው ውስጥ ትሎቹ ይሽከረከራሉ። ብዙ ነበሩ።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ቦዩ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ገና አሥራ ሦስተኛው ቀን ነው። ውሃ ወደ ቦይ መድፋት አይቻልም። ያን ጊዜ በግድግዳው ላይ የአካ ጃስሚኖች ጫፋቸው ይታየኝ ነበር፤ አሥራ አንድ የአበባ ማሰሮ። አበባ ማጠጣት መድፋት አይደለም አልኩ፤ አፈሩ ይጠጣዋል፣ ዕድሉም ለጎረቤት ይሆናል አልኩ። አካ በፊት ለፊት በር ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ትነጋገር ነበር። ውሃውን ከግድግዳው ማዶ ደፋሁት።

አፈሩ ሁሉንም አልጠጣውም። የተረፈው ከማሰሮው ሥር ወዳለው ሳህን ወረደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው ከሳህኑ በጭልፋ ቀድቶ ለሰው ሁሉ አሳየ።

አካ «በየማለዳው እገለብጠዋለሁ! ዛሬም ገልብጬዋለሁ!» ብላ ማለች። የክስ ወረቀት ጻፉባት። አጎት ቦን ቴክ ደግሞ ከማዶ...

«እኔ ምን አደረግኩ?» አሉ አጎት ቦን ቴክ።

«ምን እንዳሉ እርስዎ ይንገሩን።»

ራሳቸውን እያከኩ ቆዩ። «የትንኝ እናት ብያት ነበር» አሉ በዝግታ።

የትንኝ እናት። መንገዱ ሁሉ ተቀበላቸው። እኔ በዚያ ቀን በሬን ዘግቼ መጋረጃ ሰፋሁ። የሰፋሁት ጠማማ ነበር፣ ማታ መልሼ ፈታሁት።

ሙኒያንዲን የነደፈችው ትንኝ ከየት እንደመጣች ማንም አያውቅም። ልጄ ቀኑን ቆጥራልኝ ነበር፤ እሱ የታመመው ቀድሞ ስለሆነ ከእኔ ጎድጓዳ ላትሆን ትችላለች። ይህን የምናገረው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ከእኔ ትሁን ከሌላ አላውቅም፤ ከአካ ሳህን አለመምጣቷን ግን እኔ ብቻዬን አውቅ ነበር። ሙኒያንዲ ድኖ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሰ፣ ከዚያም አምስት ዓመት ኖሮ በስኳር በሽታ ነው የሞተው። ደግ ሰው ነበር፤ አንድም ቀን አልወቀሳትም። በግድግዳው ማዶ ሲያጽናናት እሰማው ነበር፦ «አንድ ቀን ረስተሽ ይሆናላ፣ ምን አለበት?» ይላታል። ያቺ «ረስተሽ ይሆናላ» ናት የጎዳቻት። አካ ጃስሚኖቹን አሥራ አንዱንም አውጥታ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ሰጠች። ጸጉሯ ላይ አበባ ሳታስር ወደ ቤተ መቅደስ መሄድ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ በር ቆልፋ ሦስት ጊዜ ትመለሳለች፣ ጋዝ አጥፍታ እንደገና ልታጠፋ ትመለሳለች። በግድግዳው ላይ ብቅ ትልና «ጌክ ቹ፣ በሩን ስቆልፍ አይተሽኛል?» ትለኛለች። «አይቻለሁ፣ አካ» እላታለሁ። ስምንት ዓመት «አይቻለሁ» አልኳት፤ ያየሁትን ዋናውን ነገር ግን አልነገርኳትም።

ይህን ስጨርስ ፓክ ሩስላን ብዕራቸውን አቁመው ነበር። «ይጻፉት» አልኳቸው፤ ጻፉት። ሁዊ ፔንግ ወደ መሬት ትመለከታለች። አካ ሌቹሚ ግን እኔን ትኩር ብላ ታያለች።

«ገልብጬው ነበር?» አለች።

«ገልብጠሽው ነበር፣ አካ።»

«ያን ቀን ጠዋት?»

«ያን ቀን ጠዋት። ሰምቼሻለሁ። ሳህኑን ከገለበጥሽ በኋላ ሁልጊዜ በግድግዳው ሁለቴ ታንኳኪው ነበር፣ እንዲንጠፈጠፍ። ያን ቀንም ሁለቴ አንኳኩተሻል።»

የሳሪዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠቀለለች። ቀጥሎ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አጎት ቦን ቴክ ዞረች።

«ሰማህ፣ አንተ ሽማግሌ?»

«ሰማሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«ገልብጠሽው ነበር።»

«እንዲህ በሹክሹክታ? ያኔ እኮ ዓሣ ተራ ድረስ ነበር የተሰማኸው።»

አጎት ቦን ቴክ ተነሡ። ከሱቁ ወጥተው በደጃፉ መተላለፊያ ላይ ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም በዚያ በሠላሳ ዓመት ድምፃቸው፣ «ሌቹሚ ትንኝ አላረባችም! ሳህኗን ገልብጣው ነበር! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። ማዶ ያለችው ልብስ ተኳሽ ካውያዋን እንደያዘች ወጣች፤ አንድ ብስክሌተኛ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አጎት ቦን ቴክ ተመልሰው ተቀመጡና ፓክ ሩስላንን «ይኼም ይጻፋል?» አሏቸው።

«ተጽፏል» አሉ ፓክ ሩስላን።

አምስተኛ። ስለ ቀርከሃው አከፋፈል። ከአምስቱ ግንዶች አንዱ ለቺን ሆ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ያቁመው፣ የኑድሉ እንፋሎት ግን አይድረስበት። አንዱ ለሁዊ ፔንግ ነው። አንድ ግንድ ብቻውን ቢሆን ክፉ አይደለም፣ ከጎኑ ያወጣል። ሦስቱ፣ አማቴ የሰጠችኝ ሦስቱ፣ ከነሰማያዊው ጎድጓዳ፣ ከነጠጠሩ፣ ከነቀይ ክሩ፣ ለአካ ሌቹሚ ናቸው። ተክል ከሌለው ጓሮዋ ተክል እንዲገባ ነው። ለደበቅኩት ነገር ዋጋ ይሆናል ብዬ አይደለም፤ ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ። ነገር ግን ከእጅሽ ተክል ያስጣለሽ ይህ ውሃ ስለሆነ፣ ይህን ውሃ የሚጠብቅ ሰው አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ከአንቺ የበለጠ ውሃ የሚገለብጥ ሰው የለም።

«አንዷን ብቻ ስጪኝና ሌላውን ለልጆችሽ» አለች አካ ቆጣ ብላ።

«አካ፣ ከአምስት አንድ ሲወሰድ ስንት ይቀራል?»

አፏን ያዘች። «ተዪው፣ ተዪው! ማክሰኞ ሳይመጣ አልገድልሽም።»

እዚህ ላይ ፓክ ሩስላን ብዕራቸውን ሁለታችን መሃል አስቀመጡ። «በመጀመሪያ የነገርኳችሁ ሕግ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው» አሉ። «እመቤት ሌቹሚ፣ በምስክርነት ከፈረሙ ስጦታው ይሰረዛል፤ ቀርከሃው ለልጆቹ ይሆናል። ካልፈረሙ ወራሽ ነዎት። ሁለቱ አብረው አይሆኑም። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

እኔም እንዲህ አልኩ፣ ይጻፍልኝ፦ «አካ፣ ብትፈርሚ አልቀየምሽም። ያልኩት እውነት እንደሆነ ምስክር ሆነሽ ፊርማሽ ይቀመጣል። አልወስድም ማለትሽ እንደሆነም ይገባኛል፤ መብትሽ ነው። ከማክሰኞ በፊት ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

አካ ሌቹሚ ብዕሩን አነሳች። መነጽሯን ከደረቷ ላይ አውጥታ አደረገች። ፓክ ሩስላን የምስክሮቹን ስም አስቀድመው ጽፈውት ስለነበር ስሟን በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። ብዕሩን ከስሟ ቀጥሎ ካለው ነጠብጣብ ላይ አሳረፈች። ልቤ፣ ያ የደከመው፣ ሲመታ ሰማሁት። እሷ ግን አልጻፈችም፤ ወደ ቀርከሃው አየች።

«ውሃው በስንት ቀን ነው ያልሽው?»

«በሦስት ቀን።»

«በበዓልም?»

«በበዓልም።»

«በሦስት ቀን ትንኝ ምን እንደምታደርግ አንቺ አታውቂም» አለች። «እኔ በየማለዳው ነው የምለውጠው።» ብዕሩን አስቀመጠች።

ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «ስሚ፣ ይቅር አላልኩሽም። ስምንት ዓመት ሙሉ አብጃለሁ ብዬ ነው የኖርኩት! ባሌን ገደልኩት ልል ነበር እኮ! የምነግርሽ ብዙ ነገር አለኝ፣ ግን ልቧ ለታመመ ሴት አይነገርም። ማክሰኞ ይቀይሩልሽ። ስትመለሺ፣ አዲሱ በር በደንብ ሲሠራ፣ እዚያ ግድግዳ ጋ ቆሜ እስኪበቃኝ እቆጣሻለሁ። ተመልሰሽ መምጣት አለብሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ አካ።»

«ሳልቆጣሽ ብትሞቺ ደግሞ አለቅሽም።»

ስለዚህ የአካ ሌቹሚ ስም ከምስክሮች መካከል ተሰርዟል፤ ስረዛውን እኔ በገዛ እጄ አረጋግጫለሁ፣ ስሕተት አይደለም። ምትክ ምስክር ስንፈልግ የዳቦ ሻጩ የካደር መይዲን የሞተር ጡሩምባ ተሰማ፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ነው የሚያልፈው። ፓክ ሩስላን ፊርማዬ በሁለት ምስክሮች ፊት መሆን አለበት ስላሉ ሁዊ ፔንግ ወጥታ ጠራችው።

«ከእኔ የምትወርሰው ነገር አለ?» አልኩት።

«ትናንት የወሰድሽው ዳቦ ካልተረፈ የለም» አለ። ምን እንደሚፈርም ተነገረው፤ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ሊፈርም ሲል አጎት ቦን ቴክ «ሰው ፊት ነህ እኮ» አሉት፣ አወለቀ።

ልጆቼ ሆይ፣ ምክሬ አጭር ነው። ሥርዓቱን አታድርጉ አልላችሁም፤ አማቴ ከነሥርዓቷ ትዝ ትለኛለች። ነገር ግን ዕድል በቆመ ውሃ ውስጥ ይጠበቃል ብላችሁ ውሃውን ማየት አትተዉ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ተክል ሳሳድግ ስለ ዕድል የተማርኩት ይህንኑ ነው። ሌላ የምለው የለም።

ፓክ ሩስላን ጽፈው ጨርሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡልኝ። አንድ ቃል አላስቀየርኩም። ሲያነቡ ሳለ አካ ሌቹሚ ምስሯ እንዳረረ ሸትቷት ተነሣች፤ ስትወጣ ግን ወደ ቀርከሃው ጠቆመች። «እስክትመለሺ እኔ ጋ ይቆይ፣ ሆስፒታል ስትሆኚ ማን ያየዋል?» አለች። ቺን ሆ የሁለቱን ግንድ ድርሻ አውጥቶ በውሃ ብርጭቆ አደረገ፣ ሦስቱን ከነጎድጓዳው ተሸክሞ በጓሮ በኩል በዚያው ግድግዳ ላይ አቀበላት።

አሁን ልፈርም ብዕሩን ይዣለሁ፤ አጎት ቦን ቴክና ካደር መይዲን እጄን እያዩ ነው። ከጓሮ ውሃ ሲደፋ ይሰማል። ወደ ቦይ ነው። ቀጥሎ በግድግዳው ላይ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ፓክ ሩስላን፣ ይህንንም ይጻፉ። ከዚያ እፈርማለሁ።

ተናዛዥ፦ ሶ ጌክ ቹ (ፊርማ)

አንደኛ ምስክር፦ ኩ ቦን ቴክ፣ መድኃኒት ቀማሚ (ፊርማ)

ሁለተኛ ምስክር፦ ሌቹሚ፣ የሙኒያንዲ ባለቤት። ተሰርዟል፤ ወራሽ ናት።

ምትክ ሁለተኛ ምስክር፦ ካደር መይዲን፣ ዳቦ ሻጭ (ፊርማ)

የተናገሩትን ሁሉ ሳልቀንስ የጻፍኩት፦ ሩስላን ቢን ሃሚድ፣ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ (ፊርማ)። በኑዛዜው ውስጥ አራተኛ አንቀጽ አለመኖሩ በተናዛዥዋ ፈቃድ ነው፤ የጠፋ ገጽ የለም።